አሜን ያላልኩበት እሑድ

ወንድሜ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግን ነበር። ሲታመም ገና ወጣት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ያብጥ ጀመር፤ እንቅልፍ አብዝተህ ነው እያልን እንቀልድበት ነበር። ቀጥሎ እግሩ ጫማው ውስጥ አልገባ አለ። ሐኪም ቤት ስንወስደው ሁለቱም ኩላሊቶቹ መሥራት ማቆማቸው ተነገረን። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ሁሉ ስለ እጥበት ሆነ። እጥበት የምንለው ደሙን በማሽን ማጣራቱን ነው። እናቴና እኔ እየተፈራረቅን እንወስደዋለን፤ ሲመለስ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል።

ቤታችን ቤቴል ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። አባቴና እናቴ በወጣትነታቸው ከሀዲያ መጥተው፣ አባቴ አጠና ተራ እየነገደ ያሳደጉን እዚያው ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ቀረን። እኔ እዚያው ሰፈር መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ከሥራ የተረፈኝን ጊዜ ሁሉ ግን የማሳልፈው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከአንድ ብሎኬት ማምረቻ ጀርባ ያለች አዳራሽ ናት፤ መጀመሪያ ስትሠራ ቆርቆሮዋን ከመቱት ሰዎች አንዱ አባቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ኳየር ውስጥ ዘምሬአለሁ። ስዘምር ደግሞ ሁልጊዜ ከጎኔ የምትቆም አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ።

ስለ እሷ ሳወራ አሁንም ይከብደኛል። አብረን ተምረን፣ አብረን ተጠምቀን፣ የኳየር ጋውናችንን አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ሄደን አብረን የተለካን ልጆች ነን። እሷ እኛ ቤት እንደ ልጅ ነበረች። እናቴ ከእኔ ይልቅ እሷን የምትልክበት ጊዜ ነበር። ወንድሜ ሲታመም ከእጥበት በሚመለስበት ቀን እየመጣች ታጫውተው ነበር። እሱም ከሰው ሁሉ ይበልጥ በእሷ ወሬ ይስቃል። እህት የለኝም ብዬ አዝኜ የማላውቀው በእሷ ምክንያት ነው።

በጋው ሊያልቅ ሲል ቤተ ክርስቲያናችን ለወንድሜ ጾም ጸሎት ያዘች። በጸሎቱ ማብቂያ እሑድ አንድ እንግዳ አገልጋይ መጣ። ነቢይ ነው ተባለ። እኛ ኳየሮቹ መድረኩ ላይ ነበርን፤ ወንድሜ ከእናቴ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አገልጋዩ ስብከቱን ጨርሶ ወረደና ወንድሜን አስነሣው። እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ።

ከዚያ፣ "ይህ ልጅ አይሞትም" አለ። "ጌታ የሰርጉን ልብስ እያሳየኝ ነው። ኩላሊቶቹ ዛሬ አዲስ ሆነዋል። ያመነ አሜን ይበል።"

አዳራሹ በአሜንና በእልልታ ተናወጠ። እናቴ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። ጓደኛዬ እያለቀሰች እጄን ጨመቀችኝ። እኔ ግን ከመድረኩ ላይ ቁልቁል የማየው የወንድሜን እግር ነበር። ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ካልሲው እንዳይጠብቀው እናቴ ጎኑን በመቀስ ቀድዳዋለች። በቀደደችው በኩል ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። አሜን ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የእኔን ዝምታ ማንም አላስተዋለም።

ወንድሜ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ። ቀብሩ ላይ መጋቢያችን አጭር ነገር ተናገረ። ጎረቤት ሁሉ፣ እድርተኛው ሁሉ መጣ። ትንቢቱን ያነሣ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ያ አገልጋይም ተመልሶ አልመጣም። ሰዎች ለቅሶ ሲደርሱን ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ያወራሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከእናቴ ዓይን ያሸሻሉ። ትንቢቱ ለምን ሳይፈጸም ቀረ የሚለው ጥያቄ በሁሉም ሰው ውስጥ እንዳለ ይታወቅ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ወደ ኳየር ተመለስኩ። አፌ ይዘምራል፣ ውስጤ ባዶ ነው። ቤት ገብቼ ልጸልይ ስንበረከክ የሚመጣልኝ ያ የተቀደደ ካልሲ ነው። ለማን ይወራል እንዲህ ያለ ነገር? ለእናቴ አልነግራት፣ በሐዘኗ ላይ ሐዘን መጨመር ነው። ጓደኛዬ ነበረች ያለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ከልምምድ ስንወጣ ዝናብ ያዘንና አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም እንዳታወሪ" አልኳት።

"ለማን ነው የማወራው? ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?"

ነገርኳት። መድረኩ ላይ ቆሜ አሜን ማለት እንዳቃተኝ፣ እግሩን እያየሁ በልቤ ይህ ሰውዬ የማያውቀውን ነው የሚያወራው እንዳልኩ፣ አሁን ስዘምር የምዘምርለት መኖሩን እንደማላውቅ። ካልሲውንም ነገርኳት። እያለቀስኩ ነበር፤ እሷም አለቀሰች። አንገቴን አቅፋ፣ "አይዞሽ፤ እኔ እጸልይልሻለሁ። ይሄ በሁለታችን መሃል ይቀራል፤ በጌታ ስም" አለችኝ። ዝናቡ ሲያባራ ክንዴን ይዛ እስከ ቤቴ በር አደረሰችኝ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት የኳየራችን ግሩፕ ከስልኬ ላይ ጠፋ። ስልኬ የተበላሸ መሰለኝና፣ ወንድሜ ቢኖር አንዴ ነካ አድርጎ ያስተካክልልኝ ነበር ብዬ ቅር አለኝ። ከሰዓት በኋላ ተደውሎ ቢሮ እንደምፈለግ ተነገረኝ። ስገባ መጋቢው፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የኳየሩ መሪ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሽማግሌ በልጅነቴ የሰንበት ትምህርት ያስተማሩኝ አዛውንት ናቸው።

"እህታችን፣ የጠራንሽ ልንወቅስሽ አይደለም" አለ መጋቢው። ድምፁ ለስላሳ ነበር። "የእግዚአብሔር ሰው በወንድምሽ ላይ ሲናገር፣ አንቺ መድረክ ላይ ሆነሽ ልብሽ እንደተዘጋ ሰምተናል። እግሩን ነበር የማየው ብለሻል። እውነት ነው?"

እግሩን ሲል ማን እንደነገረው ገባኝ።

"ማን ነገረዎት?" አልኩት፣ እያወቅኩ።

"ለነፍስሽ የምታስብ ሰው ናት። ለጸሎት ብላ ነው የነገረችን። ለጊዜው ከአገልግሎት አርፈሽ ራስሽን ብታዪ መልካም ነው።"

አዛውንቱን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው የባርኔጣቸውን ጠርዝ ያዞራሉ።

ያ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። በማግሥቱ እሑድ መጋቢው ስለ እምነት ሰበከ። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ የማያምን ልብ ካለ በረከት ደጅ ላይ ደርሶ ይመለሳል አለ። እግዚአብሔር ተናግሮ ያልተፈጸመ ነገር ካያችሁ፣ የተናገረውን አትጠይቁ፤ ቤቱን ፈትሹ አለ። ስሜን አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ ከፊቴ ያሉት ወንበሮች ላይ ራሶች አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። ለስንት ጊዜ ማንም ያልደፈረው ጥያቄ መልስ አገኘ። ነቢዩ አልዋሸም፤ የሟቹ እህት ናት ያላመነችው። ትንቢቱ ዳነ። ከዚያ ኳየሩ ተነሣ። ሁልጊዜ ብቻዬን የምዘምረውን ክፍል ጓደኛዬ ዘመረችው። በደንብ ነው የዘመረችው፤ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሲያልቅ ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ ጠብቄ ያዝኳት።

"ቃል ገብተሽልኝ ነበር" አልኳት።

"ለአንቺ ብዬ ነው። እንዲጸልዩልሽ ነው የነገርኳቸው።"

"ቃል ገብተሽልኝ ነበር እኮ።"

"ነፍስሽ ከቃሌ ትበልጥብኛለች" አለች። አስቀድማ ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አነጋገሯ የመጋቢውን ይመስል ነበር።

"እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። አንቺም እንደዚያ ታስቢያለሽ? ወንድሜ በእኔ ምክንያት ነው የሞተው?"

ሻርፗን አስተካከለች። ቀና ብላ አዳራሹን አየች፣ ከዚያ መሬቱን። መልስ አልሰጠችኝም። ለሽማግሌዎቹ ከነገረችው ነገር ይልቅ ያ ዝምታ አቆሰለኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታስቀው የነበረች ልጅ ናት፤ አይደለም ማለት ያቃታት።

እናቴ በእነዚያ ሳምንታት ደም ግፊቷ ተነሥቶባት ቤት ውላለች፤ ስብከቱን አልሰማችም። እንዳትሰማ ደግሞ ማድረግ የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። የሴቶች ጸሎት ኅብረት እናቶች ሊጠይቋት ሲመጡ፣ ቤት ካለሁ በሩ ላይ ወጥቼ፣ "አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት" እያልኩ እመልሳቸዋለሁ። ልጇን የቀበረች ሴት ሰው ሳታይ እንድትውል ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ራሴ ፈርቼ። እሑድ እሑድ ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ። ልምምዱ ሩቅ ስለሆነብኝ ወደ አስኮ በኩል ሌላ ቤተ ክርስቲያን ጀምሬአለሁ ብዬ ዋሸኋት። ውሸቱ እንኳን ስሜት አይሰጥም፤ አስኮ ከእኛ ሰፈር የት ነው? ታክሲ እየቀያየርኩ እውነትም አስኮ እሄዳለሁ። ማንም የማያውቀኝ አንድ ጁስ ቤት ገብቼ፣ አምልኮ የሚያልቅበት ሰዓት እስኪደርስ መንገዱን እያየሁ እቀመጣለሁ።

እዚያ ስቀመጥ የማስበው አንድ ነገር ነበር። አሜን ብል ኖሮስ? ስብከቱን ጠልቼዋለሁ፣ መጋቢውን ጠልቼዋለሁ፤ ቃሉ ግን ውስጤ ገብቶ ሥር ሰድዷል። እግዚአብሔር የለም ብዬ መገላገል አልቻልኩም። አለ ስል ደግሞ፣ አንዲት ቃል ከአፌ ስላልወጣች ወንድሜን የነፈገኝ ሆኖ ይታየኛል። እንዲህ ያለውን ማን ይወዳል? ጓደኛዬንም እረግማት ነበር። በልቤ አይደለም፣ በአፌ፤ ታክሲ ውስጥ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው የምጸልይ ሳይመስለው አይቀርም።

አንድ እሑድ ከአስኮ ስመለስ እናቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ስብከቱ ስለ ምን ነበር?" አለችኝ።

ስለ ትዕግሥት ነው አልኩና ፈጠርኩ። ሰባኪው ያለውን ጨመርኩ፣ መዝሙሩ ጥሩ እንደነበር ጨመርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ልጄ፣ ውሸት አላስተማርኩሽም" አለች፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

እጄን ወደ ሰፌዱ ሰድጄ ምስሩን መልቀም ጀመርኩ።

"አንቺ ሥራ ስትሄጂ ሴቶቹ ይመጣሉ። ሁሉንም ነግረውኛል። መጋቢው ያለውንም፣ ያቺ ልጅ ያደረገችውንም።"

"መቼ ነው የነገሩሽ?"

"ቆይቷል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ። በየሳምንቱ ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ስጠብቅ ነበር።"

ያን ጊዜ የያዝኩት ሁሉ ፈረሰ። ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ፣ "እማ፣ በእኔ ነው የሞተው?" አልኳት። ይህን ጥያቄ ጮክ ብዬ ስጠይቅ ሁለተኛዬ ነው።

እናቴ ቁጡ ሴት አይደለችም። ያን ቀን ግን ሰፌዱን መሬት ላይ አኖረችና አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

"ስሚኝ። ማታ ማታ እግሩን ለብ ባለ ውኃ የማጥበው እኔ ነኝ። በጣቴ ስጫነው የገባው ቦታ አይመለስም ነበር። ልጄ እየሄደብኝ እንደሆነ የማላውቅ ይመስልሻል? ያን ቀን ጉልበቴ ላይ የወደቅሁት በደስታ አይደለም። ሰውየው ሰርግ ሲል እግሬ ከዳኝ።"

"አሜን ስትዪ አይቼሻለሁ እኮ።"

"እሱ ነው በይ ያለኝ። ጎንበስ ብሎ፣ 'እማ፣ አሜን በያቸው፤ ደክመውልኛል፣ አይክፋቸው' አለኝ።"

እናቴ ቀጠለች። ከአዳራሹ ሲመለሱ ወንድሜን፣ አንተስ አላመንክም ወይ ብላ ጠይቃው ነበር። እድናለሁ ብዬ አላስብም አላት። ታዲያ የምትጸልየው ስለ ምንድን ነው ስትለው፣ "ማሽኑ ላይ ሲያስተኙኝ እፈራለሁ፤ ስፈራ ጌታን አናግረዋለሁ። ፍርሃቱ አይሄድም፤ ግን ብቻዬን አልፈራም" አላት።

"ለእህቴ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ" አለች እናቴ። "እሷ ተስፋ አድርጋለች፤ ተስፋዋን አልነጥቃትም አለ።"

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ አልነበረም። ተናደድኩ። እኔ እነሱን ላለማሳዘን አፌን ዘግቼ፣ እነሱ እኔን ላለማሳዘን ዘግተው፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስታችንም ብቻችንን ነበርን። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ስለ ሰርጉ እየቀለድኩለት አሳለፍኳቸው። እሱም እየሳቀ ሰማኝ። እውነቱን አውርተን ቢሆን ኖሮ የምጠይቀው ስንት ነገር ነበረኝ። እናቴንም በዚያ ጊዜ እንደ ከዳተኛ ነው ያየኋት። ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁና እስኪመሽ አላናገርኳትም። እሷም አልተከተለችኝም፤ ምስሯን ለቅማ ጨረሰች።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ አገኘኋት። "ተነሺ፤ ቤተ ክርስቲያናችን እንሄዳለን" አለች። እምቢ አልኩ። "እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ" ብላ ወጣች። ደም ግፊት ያለባት ሴት፣ ያንን ዳገት ብቻዋን። ተከተልኳት።

የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጇን አወጣች። እናቴ ማይክ ይዛ አታውቅም። አማርኛዋ አሁንም የሀገሯን ቃና አልለቀቀም፤ በዚህ የተነሣ ሰው ፊት መናገር ታፍራለች። ክንዴን ተደግፋ ቆመች።

"ልጄን የገደለው ኩላሊቱ ነው" አለች። "ያን እሑድ በልቧ አሜን ያላለችው ይህቺ ልጄ ብቻ አይደለችም። እኔ በአፌ ብዬ በልቤ አላልኩም። ልጄ ራሱ አላለም። እሷን ከአገልግሎት ካወጣችኋት፣ እኔንም ከሴቶች ጸሎት አውጡኝ። እሱን እንግዲህ ከየት እንደምታወጡት አላውቅም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ለማመስገን ነው የመጣሁት። ልጄ ፈርቷል፤ ግን ብቻውን አልፈራም። ጌታ ከእሱ ጋር ነበር። ይሄው ነው።"

መጋቢው ማይኩን ተቀበላትና፣ "እናታችን ከባድ ሐዘን ላይ ናቸው፤ እስቲ ስለ እሳቸው እንጸልይ" አለ። ኪቦርዱ ወዲያው ተጀመረ። እንዲህ አድርጎ አለፋት። ስለ ስብከቱ፣ ስለ ትንቢቱ፣ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እስከ ዛሬም አልተናገረም። ጓደኛዬ መድረኩ ላይ ቆማ ዘምራለች፤ ወደ እኛ ግን አላየችም።

ስንወጣ ግን አዛውንቱ ሽማግሌ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእናቴ ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ዝም አልኩ" አሉኝ። "ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፤ ሰው ፈርቼ ነው። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።"

በዕድሜ አያቴ ይሆናሉ። "እሺ አባባ" ብቻ አልኩ።

በማግሥቱ ሰኞ ወደ ሥራ ማልጄ ሄድኩ። ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ክፍሌ ውስጥ ትንንሾቹን ወንበሮች እያስተካከልኩ ሳለ፣ ሳላስበው ተናገርኩ። መንበርከክ የለ፣ ዓይን መጨፈን የለ። "ተቀይሜሃለሁ" አልኩት ጌታን። "ለምን እንደወሰድከው አልገባኝም። ያንን ሁሉ ሰው በስምህ እልል አስብለህ ለምን ዝም እንዳልክ አልገባኝም። ጓደኛዬን ጠልቻታለሁ። እናቴን ዋሽቻታለሁ፤ ሰው ከልክያታለሁ። መኖርህንም አንዳንድ ቀን እጠራጠራለሁ። ያለኝ ይሄ ነው።" ድምፅ አልመጣም፣ ብርሃን አልታየኝም። ግን ወንድሜ ያለው ነገር በመጠኑ ገባኝ። ቅሬታው እንዳለ ነው፤ ብቻዬን ግን አልተሸከምኩትም። ለወራት ስጸልይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልዋሸሁት ያን ጠዋት ነው። ወዲያው አንዲት ሕፃን ገብታ፣ "ቲቸር፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለችኝ። የጫማዋን ክር እያሰርኩላት፣ "ከሚሰማኝ ጋር" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የምጸልየው። ቆንጆ ቃል የለውም። ጥርጣሬዬ አልጠፋም፤ አንዳንድ ሳምንት ይብስበታል። ድሮ ጥርጣሬ ሲመጣ እምነቴ አለቀ እያልኩ እሸበር ነበር፤ አሁን እሱንም ይዤ እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ተመልሰናል፤ እናቴ የአባትሽ ላብ ያለበትን ቤት ለማንም ብዬ አልለቅም ስላለች። ከኋላ፣ መስኮቱ ጋ እንቀመጣለን። የኳየሩ መሪ ተመለሺ ብሎኝ ነበር፤ አይ አልኩት። መዝሙሩን ከተቀመጥኩበት እዘምራለሁ፤ የማላምንበት መስመር ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ።

የገና በዓል ሲቃረብ ጓደኛዬ መጣች። እናቴ ጎረቤት ሄዳለች። በሩን ስከፍት እሷን ሳይ መልሼ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም።

"ልግባ?" አለች።

ገባች። ድሮ ሳትጠየቅ የምትቀመጥበት ወንበር ነበራት፤ አሁን ቆማ ጠበቀች። ተቀመጪ አልኳት።

"አጥፍቻለሁ" አለች። "ለአንቺ ብዬ ነው ስልሽ ነበር። ለራሴም እንደዚያ እያልኩ ቆየሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ ብዬ ስነግራቸው ሁሉም ጸጥ ብለው ሰሙኝ። እኔን እንደዚያ ሰምተውኝ አያውቁም። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ስላለኝ ያልጠየቁኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ካልሲውንም።" ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። "በአንቺ አይደለም የሞተው። ያን ቀን ቧንቧው ጋ ልልሽ ነበር፤ ሰዎች እያዩን ነበር።"

ይህን እንድትነግረኝ ስንት እሑድ ተመኝቻለሁ። ስትነግረኝ ግን ቁስሉ እንዳዲስ ነው የተከፈተው። ሌላ ምክንያት ቢኖራት፣ እውነት ለነፍሴ ብታስብ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ለተሰሚነት ብላ ነው የሸጠችኝ።

"ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ እችላለሁ" አልኳት። "ውሸት ይሆናል። ሌላ ውሸት ደግሞ አልፈልግም።"

"እሺ።"

"እንደ ድሮው የምንሆን አይመስለኝም።"

"እሺ" አለች እንደገና። እንባዋን ጠረገች።

ሻይ አፈላሁላት። ሻይ ሳይቀርብለት ከእናቴ ቤት የሚወጣ እንግዳ የለምና። ስትጠጣ ስለ ወንድሜ አንድ ነገር አነሣች፤ በአንድ ከእጥበት በተመለሰበት ቀን፣ የተበላሸ ስልኳን እየፈታታ ሳለ የእሷን አዘማመር እያስመሰለ እንዴት እንዳሳቃት። አስመስሎ የዘመረውን ዘመረችልኝ። ሳልፈልግ ሳቅሁ።

ስትነሣ እስከ ግቢው በር ወጣሁ። እጄን ዘረጋሁላት፤ ጉንጬን ግን አልሰጠኋትም። ቀስ እያለች ቁልቁል ወደ ታክሲው መንገድ ሄደች። ከበሩ ላይ ቆሜ አየኋት፤ ንዴቴ አልወጣልኝም፣ ክፉም ግን አልተመኘሁላትም። ለእኔ ይህ አዲስ ነገር ነበር።

እናቴ ስትመለስ ሁለት ብርጭቆ አይታ ማን መጥቶ ነበር አለችኝ። ነገርኳት። ብርጭቆዎቹን አንሥታ ማጠብ ጀመረች። በዚያ ቀን ስጸልይ የጓደኛዬን ስም ጠራሁ። ስለ እሷ ምን እንደምለምን አላወቅሁም። ስሟን ጠርቼ፣ ቀሪውን ለጌታ ተውኩለት።